አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጠጠር ሲማሩ

አቶ ኃይለጊዮርጊስ በቀበና ሰፈር በሰንጠረዥ ጨዋታ የማይቻሉ ሰው ነበሩ። ፈረሳቸውን ካስነሡ አፋቸው አያርፍም፤ «ወዴት ወዴት! ማን ሊያስጥልህ!» እያሉ ባላጋራቸውን ግማሹን በፉከራ ነው የሚጥሉት። ለነገሩ የእኛ አገር ሰንጠረዥ ያለ ፉከራ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ታዲያ እኒህ ሰው በስተርጅና የሌላ ጨዋታ ጀማሪ ሆኑ ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ የመጣው በአንድ ልጃቸው በበላይነህ ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምቶ በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት ተመለሰ። ቁስሉ ድኗል፤ አንደበቱ ግን ተዘግቷል። የጦር ጓዶቹ እንደተናገሩት፣ አንድ ጉብታ ላይ ከነሰዎቹ ተከቦ አድሮ፣ ሲነጋ በሕይወት የተገኘው እሱ ብቻ ነበር። ጃፓን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጎ የሚባል ጨዋታ ተምሮ፣ ገበታውንና ጥቁርና ነጭ ጠጠሮቹን ይዞ መጥቷል። ጠዋት ማታ ብቻውን ይደረድራል። እናቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ እንጦጦ ጠበል አመላለሱት። ወይ ፍንክች!

ስምንት ወር ሲሞላ አባት ጨነቃቸውና ገበታው ፊት ተቀመጡ። «በል አስተምረኝ» አሉት። ሰንጠረዥ ሲጀመር ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ እንዳሻው ያሰልፍ የለ? እሳቸውም እንደለመዱት ጠጠሩን በእፍኝ ዘግነው ይደረድሩት ጀመር። በላይነህ አየ አየና እጃቸውን ያዘ።

«አባባ፣ አንድ እርስዎ፣ አንድ እኔ» አለ።

ስምንት ወር ያልተሰማ ድምፅ! ጓዳ የነበሩት እናት እልል እንዳይሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ከዚያ ወዲያ አባት ሌላ ሥራ የላቸውም። በየቀኑ ይጫወታሉ፤ በየቀኑ ይሸነፋሉ። እዚህ ንጉሥ የለ፣ ፈረስ የለ፤ ጠጠር መስመሮቹ በሚገናኙበት ይቀመጣል፣ ዙሪያውን የተከበበ ይነሣል፣ በቃ። ሽንፈቱ እሬት እሬት ቢላቸውም ልጁ በየቀኑ ቃል ይጨምራል። «እዚህ ቢያስቀምጡ ይሻል ነበር።» «ዛሬስ በርትተዋል።» አንድ ቀንማ ሳቀ። ለዚያ ሳቅ መቶ ጊዜ ቢሸነፉስ ምናቸው ነው!

በሰኔ አንድ ከሰዓት በኋላ አባት ገበታው ላይ ቀዳዳ አዩ። አንዲት ጥቁር ጠጠር ጣል ቢያደርጉ ሰባት ነጭ ጠጠር ተከቦ ቁጭ! ደማቸው ፈላ፤ ጠጠሯን አሳረፉ። የስንት ዘመን ልማድ ነውና አፋቸው ቀደማቸው።

«ተከበብህ! ሰዎችህ አለቁ! ወዴት ታመልጣለህ!» ብለው ብድግ ብለው ፎከሩ።

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ሰባቱን ጠጠሮች አንድ በአንድ አንሥቶ ጉያው ከተተና ወደ ክፍሉ ገባ።

«ልጄ፣ ለጨዋታ እኮ ነው! ምላሴን ይቁረጠው!» እያሉ በሩን ደበደቡ። ወለተሥላሴ ከገበያ ሲመለሱ ደነገጡ።

«ምን አሉት?»

«ምንም» አሉ ኃይለጊዮርጊስ።

በላይነህ ዳግመኛ ቃል አልወጣውም። ገበታውን ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ቀስ በቀስ እህልም እምቢ አለ፤ በሁለተኛው ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞተ።

ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎረቤታቸው አቶ ፍሥሐ ሊያጽናኑ ብለው፣ «ለልጁ ሲል የባዕድ ጨዋታ የተማረ አባት! ከዚህ ወዲያ አባት የት ይገኛል?» አሉ። ሰው ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ።

ኃይለጊዮርጊስ ይህን መሸከም አቃታቸው። ዘለው ተነሡ። «የገደልኩት እኔ ነኝ! በገዛ አፌ ነው የገደልኩት!»

ሴቶቹ ለቅሶውን አቀለጡት። «ኧረ ይተዉ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርዎ» አሉ ፍሥሐ ትከሻቸውን ይዘው።

«እውነቴን ነው! ስሙኝ!»

«ይሁን፣ ይሁን» እያሉ አስቀመጧቸው።

ወለተሥላሴ ጎንበስ ብለው የባላቸውን እጅ ሳሙ። «እርስዎ ምን በወጣዎ» አሉ እያለቀሱ፤ «የልጄን ድምፅ ያሰሙኝ እርስዎ አይደሉ?»