በሲቲ ስም የተከፈተው ሱቅ

ሲቲ የመን ውስጥ፣ በኤደን ከተማ፣ በአል-ሚምዳራ ሰፈር የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ድርዕ የሚሉትን ስስ የሴቶች ቀሚስ ጠርዙን ሁለቴ አጥፋ ስለምትሰፋው ደንበኞቿ ከሌላው የከተማዋ ሰፈር ከመንሱራ ድረስ ይመጡላት ነበር። አባቷ የመናዊ፣ እናቷ የደሴ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድሟ ዐማር የእናቷ ልጅ ነው፤ እሷው አዝላ ነው ያሳደገችው። የሱ አባት ግን ሐበሻ ስለነበር የየመን ዜግነት አላገኘም። ስለዚህ በፈረንጆች ዘጠና አራት ከተካሄደው የየመን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ መንሱራ ላይ የጨርቅ ሱቅ ሲከፍት ፈቃዱ በሲቲ ስም ወጣ። በነሱ ዓይነት ቤተሰብ ይህ የተለመደ ነው፤ እንደ ውለታ እንኳ አልቆጠረችው። መታወቂያዋንም እሱው ዘንድ ተወችው።

ገበያው ሲከዳው ዐማር ቤቷ መጣ። ከስሬአለሁ ብሎ ለፍርድ ቤት የኢፍላስ ማመልከቻ ሊያስገባ መሆኑን ነገራትና አብራው ሄዳ እንድትመሰክርለት ለመናት። ሲቲ ዐባያዋን ተኩሳ ለበሰች፣ ጫማዋን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ሚኒባሱ ውስጥ የምትለውን በልቧ ታጠና ነበር፤ ወንድሜ ታታሪ ነው፣ የሰው ሐቅ አይበላም።

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነበር። የአበዳሪዎቹን ስም፣ የቀረውን ዕቃ፣ የንግድ ምዝገባውን እያገላበጠ አየ። ሁሉም እንደተሟላ ሲያረጋግጥ፣

"የከሰረው ማነው? ይፈርም" አለ።

ዐማር ወደ ሲቲ ጠቆመ።

ተሳስቶ መስሏት ፈገግ አለች። ጸሐፊው ግን በዝግታ አስረዳት። ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ነው። ከፈረመች ከሳሪ ተብላ ትታወጃለች፤ ነገሩ እስኪቋጭ በስሟ መነገድ አትችልም፤ ያላትም ይታሸጋል። የስፌት መኪናዋም ከንብረቱ ጋር ተመዝግቧል።

"ስም ብቻ እኮ ነው፣ እታለም" አለ ዐማር ወለሉን እያየ። "እኔ ነገ ሌላ ሱቅ እከፍታለሁ፤ ሌላ የስፌት መኪና እገዛልሻለሁ።"

"በማን ስም ነው የምትከፍተው?"

"በራኒያ።"

ራኒያ ዐምና ያገባት ሚስቱ ናት፣ የመናዊት። የሰርግ ቀሚሷን ሲቲ ነበረች የሰፋችው፤ የአንገቱን ዶቃ አንድ በአንድ በእጇ እየሰካች።

ሲቲ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

"ባትፈርሚም ጨርቁን በዱቤ የሰጡት ነጋዴዎች ሊከሱሽ ይችላሉ፣ ያ ኻላ" አላት ጸሐፊው፣ በዐረብኛ አክስቴ ብሎ እያከበራት።

"ይክሰሱኝ። ጨርቁን ለማን እንዳስረከቡ እነሱም ያውቃሉ።"

ከዚያ መታወቂያዋን ጠየቀች። ሽማግሌው ከፋይሉ ጋር የተያያዘበትን የስቴፕለር ሽቦ በጥፍሩ ፈልቅቆ ሰጣት። ጥጉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቀርቶበታል።

ዐማር እታለም፣ እታለም እያለ እስከ በሩ ተከተላት። ዞር ስትል የሸሚዙ ኮሌታ ላይ የተንጠለጠለ ክር አየች። እጇ እንደ ልማዱ ሊበጥስለት ተዘረጋ፤ ግማሽ መንገድ ላይ መለሰችውና ዐባያዋ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቤቷ ብቻዋን ተሳፈረች።