የወሰኑ ግራር ከሰል

ሰሞኑን ጊደር መጋላ ገበያ ጥግ ከሰል የሚሸጡት ሴትዮ ሙሉ ጉማጅ ለማንም አይሰጡም። እያንዳንዱን ድንጋይ ላይ አጋድመው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው በመዶሻ ያደቁታል። ቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም። ነጭ ሻሻቸው ላይ ግን አንዲት የጥላሸት ነጥብ አይቼ አላውቅም። ደቃቅ ከሰል ማን ይፈልጋል? ገበያተኛው ይሸሻቸዋል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

ዛሬ ጠዋት «እናቴ፣ ለእኔ እንኳ ሳይሰብሩ ይስጡኝ» አልኳቸው።

መዶሻውን ሳያስቀምጡ ቀና አሉ።

«ይሄ ከሰል አገራችን ድሬ ጠያራ፣ የእኛና የጎረቤቶቻችን ማሳ ወሰን ላይ የነበረ ግራር ነው። በወሰኑ ተጣልተን እነዚያው ጎረቤቶች ሥሩ ላይ ወንድሜን በገጀራ አረዱት። ገጀራውን ልይዝ ስል ጣቶቼ ሄዱ። በዓመቱ ዛፉ ደሙን ጠጥቶ ለመለመ። ፍየሎቻቸው ቅጠሉን በልተው ሰቡ፤ እነሱ ደግሞ የፍየሎቹን ወተት ጠጡ። ወላሂ፣ ወንድሜን ሁለቴ በሉት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በዚህ እጄ ገንድሼ አከሰልኩት። ዛፍ የጠጣውን እሳት ላይ ይተፋል።»

የመጨረሻውን ጉማጅ እንደ ጭንቅላት ፈረከሱትና ጣሳውን ፌስታሌ ውስጥ ገለበጡልኝ።

«እንካ፤ ወጥህን ሥራበት፤ ከወንድሜ የቀረውን ደግሞ አንተ ብላው።»