የመጨረሻው ረድፍ

አጎቴ ጋሼ፣ እዚህ ሜልበርን የተሠራውን የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ንድፍ ካወጡት አንዱ ነበሩ። በጀቱ ሲያጥር፣ ወጪ ለመቆጠብ የኋላ ረድፎቹ ዝቅ ይበሉ ተባለ። ጋሼ ግን፣ «ርካሽ ቲኬት የገዛ ሰውም ጎሉን ማየት አለበት» ብለው ድርቅ አሉ።

አዳራሹ ያለቀ ሰሞን ከምኖርበት ከሜልተን አስጠርተው ጎሉ አጠገብ አቆሙኝ። እርሳቸው የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ወጡና ደወሉልኝ።

«እስቲ እጅሽን አንሺ።»

አነሣሁ።

«አየሁሽ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ልናይ በገባን ቁጥር ይህንኑ ሳያስደርጉኝ አይቀመጡም ነበር። እኔም ሰው እያየኝ አፍር ነበር።

ከአርባቸው በኋላ ብቻዬን ሄድሁ። ጎሉ አጠገብ ቆሜ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል፣ ወደ መጨረሻው ረድፍ እጄን አነሣሁ። ስልኬን ብጠብቅ ብጠብቅ አልጮኸም።