በአባይ ቁልቁለት የተሳለች መኪና

እንዳላማውን የማያውቅ የደብረ ማርቆስ ሾፌር ካለ፣ መኪናው ገና ተበላሽታበት አታውቅም ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የናፍጣ ፖምፓ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ መካኒክ ነው። አይሱዙ ጋራዡ በር ላይ ሲቆም ለመፍታት አይቸኩልም። በቅባት የጠቆረ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ሦስተኛው ኖዝልህ ያንጠባጥባል» ይላል። ሲፈታ ያው ናፍጣ የሚረጨው ሦስተኛው አፍንጫ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩና ይህን ጆሮ ለድጓ ብለው፣ ይጁቤ አጠገብ ባለችው በትውልድ ደብሩ በኪዳነ ምሕረት፣ መሪጌታ ገዳሙ ዘንድ አስገብተውት ነበር። ልጁ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ዜማውን ትቶ የወፍጮ ሞተር ተከትሎ ጠፋ። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ «ለእግዜር ያልኩትን ጆሮ ጭስ በላው» እንዳሉ ነበር።

መኪናዋን ያገኛት ሞታ ነው። የጀርመን ሥሪት፣ አመድማ፣ ወገቧ መሬት ሊነካ የቀረበ፣ ለሩጫ የተሠራች የቤት መኪና ናት፤ ግን የምትጠጣው ናፍጣ ነው። አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ይዟት መጥቶ፣ ነዳጅ ቀጂው የቤት መኪና ናፍጣ ትጠጣለች ብሎ ስላላሰበ ቤንዚን ሞላባት። ማን ያስባል? በአገራችን ናፍጣ የአይሱዙና የትራክተር ነው። ፖምፓው ተቃጠለ፤ ሞተሩ ተከተለ። መሐንዲሱ በቁራጭ ብረት ዋጋ ለእንዳላማው ሸጦለት ሄደ።

ሦስት ዓመት ፈጀችበት። ዕቃውን ከሶማሌ ተራ እየለቀመ፣ ያጣውን በእጁ እየሠራ፣ አንድ የግንቦት ጠዋት ቢያስነሣት ሞተሩ አንዴ አስነጥሶ ያዘ። ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ብቻውን አለቀሰ። የነዳጅ ክዳኗ ላይ በቀይ ቀለም «ናፍጣ ብቻ» ብሎ ጻፈ። ማደያ ሲሄድ ከአይሱዙና ከትራክተር መሃል ይሰለፋል፤ ሾፌሮቹ «ካባ የለበሰች አይሱዙ» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሉማሜን አልፎ ሜዳው ሲከፈትለት ግን ሌላ ሰው ነው። እግሩን ሲጭነው ያቺ መኪና ጀርባውን ይዛ ትገፋዋለች፣ ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል፣ እንዳላማውም ባለ ሀብት ይሁን ደሃ ይረሳዋል። ሚስቱ የዓለምዘርፍ «እኔን ለማግባት እንኳ እንዲህ አልቸኮልክም» ትለው ነበር።

ያቺ ቀን የመጣችው አምና በታኅሣሥ ነው። መንገዱ ለሳምንታት ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ነበር። እንዳላማው እናቱን እማሆይ አመተ ሥላሴን አዲስ አበባ ወስዶ የዓይን ሞራቸውን አስገፍፎላቸው እየተመለሰ ነው። እማሆይ ከፊት፣ የአሥር ዓመቷ ልጁ እስከዳር ከኋላ ተቀምጠዋል። መንገዱ መልሶ ሳይዘጋ ቤቴ ልግባ ብሎ ቸኩሏል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ሲጀምር፣ ለሌላው ሾፌር ሁሉ «አባይ ስትወርድ በከባድ ማርሽ» እያለ የሚሰብከው ሰው፣ ራሱ መኪናዋን ለቆ በፍሬን ብቻ ይይዛት ጀመር። ከባድ መኪና ይቀድማል፣ ይረግጣል፤ ደግሞ ይቀድማል፣ ደግሞ ይረግጣል። አራተኛው ጠመዝማዛ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተው። ፔዳሉን ሲረግጠው ለስልሶ ወለሉ ድረስ ወረደ።

ከፊት ኩርባ ነው፤ ከኩርባው ወዲያ አየር ነው። «ኪዳነ ምሕረት!» ብሎ ጮኸ፤ «እናቴንና ልጄን አውጪልኝ! መኪናዋ ያንቺ ናት!»

መሪውን ወደ ተራራው ጎን አዞረው። የመንገድ ሠራተኞች ለጥገና የቆለሉት ጠጠር ነበረ፤ መኪናዋ እሱ ውስጥ እስከ ግማሽ ጎኗ ተቀብራ ቆመች። የአንዳቸውም ጥፍር አልተነካም፤ እስከዳር ብቻ ከኋላ ሆና ታለቅስ ነበር። እማሆይ ወርደው ጠጠሩን ሳሙ፤ ትናንት በበራ ዓይናቸው ገደሉን አዩና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ሰምታሃለች» አሉት። ከዚያ ወዲህ ስለ ስለቱ አንድም ቀን አላነሡበትም።

አላነሡበትም እላለሁ እንጂ የባሰውን አደረጉ። ቤተ ክርስቲያን ልውሰድዎ ብሎ በሩን በከፈተላቸው ቁጥር፣ እግራቸውን ከማስገባታቸው በፊት ቀና ብለው «እመቤቴ፣ ለዛሬ መኪናሽን አውሺን» ይላሉ። ያለ ተንኮል ነው የሚሉት፤ የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ የማይነኩ ሴት ናቸው። እንዳላማው መሪውን እንደያዘ ጆሮው ድረስ ይቀላል።

በዚያው ዓመት የካቲት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዕለት፣ መኪናዋን ሳይሆን አንድ ምንጣፍና አንድ ጥላ ይዞ ሄደ። የደነገጠ ሰው ጩኸት ስለት አይሆንም ብሎ ራሱን አሳምኗል። ግን ልቡ ስላልረጋ፣ አሁን በዕድሜ የገፉትን መሪጌታ ገዳሙን ጥግ አስይዞ ጠየቃቸው።

«የኔታ፣ አንድ ወዳጄ ጭንቅ ይዞት የተሳለውን በሌላ ነገር ቢለውጠው ምን ይላሉ?»

«ወዳጅህን እንዲህ በልልኝ» አሉት መሪጌታ። «ሲጨንቀው የተናገረው ነው ቃሉ። ሲደላው የሚናገረው ክርክር ነው።»

ዓመቱን ሙሉ ተከራከረ። ከሁሉ የከፋው ግን ጆሮው መክዳቱ ነው። መኪናዋ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይሰማዋል። መንገድ ላይ አቁሞ ይከፍታል፣ ምንም የለም፤ አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ደግሞ ይሰማዋል። ያን ሁሉ ሞተር ይዞ በሠላሳ መንዳት ጀመረ። አንድ ቀን እስከዳር «አባዬ፣ ባጃጅ ቀደመን» አለችው። ጋራዡም ውስጥ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ነው ያለው ኖዝል አንደኛው ሆኖ ይገኛል፤ ጤነኛ ነው ብሎ የሸኘው መኪና ቁይ ሳይደርስ ይቆማል። የልብ ወዳጁ ደመላሽ እንኳ፣ ያ ሳቂታ የአይሱዙ ሾፌር፣ ሁለት ጊዜ አምጥቶለት ሁለቱንም ጊዜ «ምንም የለውም» ብሎ መለሰው። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ። በእጁ ሳይሆን በጆሮው ለሚኖር ሰው ይህ ዕለት ዕለት መሞት ነው። እንዳላማው ፈራ። መኪናዋን መስጠትም ፈራ፣ ይዞ መቅረትም ፈራ።

መላውን ያመጣው ጭንቀቱን የነገረው ደመላሽ ነው። «ስጣትና መልሰህ ግዛት» አለው። «ስለት የገባ ዕቃ በጨረታ አይደል የሚሸጠው? የተሳለው ሰው መልሶ ቢገዛ ማን ይከለክለዋል?»

«በሙሉ ዋጋዋ ከየት አምጥቼ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ነገሩ በአገሩ ያለ ነው። ለታቦት የገባ በግ፣ ምንጣፍ፣ ጥላ ሁሉ ንግሡ ላይ ይጫረታል፤ ብዙ ሰውም የራሱን ስለት በራሱ ብር መልሶ ይወስዳል። ደመላሽ ግን ከበዓሉ በፊት ቤት ለቤት ዞረ። «እንዳላማው የገዛ ልፋቱን ነው የሚገዛው፤ እንዳትጨምሩበት» አለ። ሰዉ ተስማማ። የቄሳቸው ልጅ ነው፤ የአካባቢውን ወፍጮ ስንት ጊዜ በነጻ ጠግኖላቸዋል። ክፉ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ደግ የሠራ መስሎት ነው።

ዘንድሮ በየካቲት አሥራ ስድስት፣ ታቦቷ መንበሯ ከተመለሰች በኋላ፣ በጉም ምንጣፉም ተሸጦ ሲያበቃ፣ መሪጌታ ገዳሙ ለስለት የገባችው መኪና አጠገብ ቆሙ። «አምስት መቶ ሺህ!» አለ እንዳላማው። የዋጋዋን ሩብ እንኳ አይሆንም። ከቁይ የመጡት የእህል ነጋዴ አቶ ፍሥሐ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ደመላሽ ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከ፤ ዝም አሉ። ሌላውም ዝም አለ። መሪጌታ የተማሪያቸውን ፊት ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንደኛ» አሉ። «ሁለተኛ።» ጥቂት ቆዩ። «ሦስተኛ። ይባረክ።»

እልልታው ቀለጠ። እንዳላማው ላቡን ጠርጎ፣ የእናቱን ክንድ ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰዳቸውና በሩን ከፈተላቸው። እማሆይ እንደ ልማዳቸው ቀና አላሉም። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ።

እስከ ይጁቤ የሰዓት መንገድ ነው። እማሆይ ጀመሩት። ልጃቸው ምን ያድርግ? መኪናዋን አስነሥቶ ከኋላ ተከተላቸው። ለሩጫ የተፈጠረችው መኪና በአንደኛ ማርሽ፣ በጠጠር ላይ ሆዷን እያስፋቀች፣ የሰባ አራት ዓመት መነኩሲት እግር ኋላ ትሳብ ጀመር። ከንግሥ የሚመለሰው ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ልጆች ይስቃሉ። እንዳላማው መስኮቱን አወረደ።

«እማሆይ፣ ይግቡልኝ እንጂ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ምንም አይልህም። ሰው ተስማምቶልህ የለ?»

ስምምነቱን ማወቃቸው ነው። «የኔታ ራሳቸው ‹ይባረክ› ብለዋል» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ሆኖበት።

እማሆይ ቆሙ። ዞረው በመስኮቱ አዩት፤ ቁጣ የለባቸውም፣ ያዘኑ ናቸው።

«ያን ቀን እመቤቴ ብትከራከርህስ ኖሮ?» አሉት። «‹እናትህን ላውጣና ልጅህ ትቅር› ብትልህስ ኖሮ?»

መልሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንዳላማው ፍሬኑን ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ። ግንባሩን መሪው ላይ እንደ ደፋ፣ እስከዳር ያን ቀን ጠጠሩ ውስጥ ሆና ያሰማችው ልቅሶ በጆሮው መጣበት፤ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ሊሰማው ያልፈለገው ድምፅ እሱ ነበር። አለቀሰ። ከዚያ ወርዶ ሮጠና እናቱ ላይ ደርሶ «ይመለሱልኝ፤ አሰጣጤን ይዩልኝ» አላቸው።

ደብሩ ሲደርሱ ሰዉ ገና ጸበል ጸዲቁን እየቀመሰ ነው። እንዳላማው መሃል ቆሞ «ወገኖቼ፣ በደግነታችሁ እኔን አገዛችሁኝ፤ እኔ ግን እመቤቴን ሰረቅኋት። ጨረታው እንደገና ይከፈትልኝ» አለ። ደመላሽ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበው።

መሪጌታ ገዳሙ ቀስ ብለው ተነሡ። «ያ ወዳጅህ መጣ?» አሉት።

«መጣ፣ የኔታ።»

አቶ ፍሥሐ ተገቢ ዋጋዋን ጠሩ። እንዳላማው እንዳይጨምር የከለከለው አልነበረም፤ አፉን ግን አልከፈተም። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ሲያልቅ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። «ናፍጣ ብቻ ነው የምትጠጣው፣ ክዳኗ ላይ ጽፌዋለሁ። ሲያስነሡ ጥቂት ሳትሞቅ አይርገጧት፤ አየር የሚገፋላት ቱርቦዋ ይጎዳል። አባይ ሲወርዱ ደግሞ…» አለና አቋረጠው። አቶ ፍሥሐ እሺ እሺ አሉ፤ ዓይናቸው ግን መኪናዋ ላይ ነበረ።

እማሆይና እንዳላማው በደመላሽ አይሱዙ ጋቢና ተሳፍረው ተመለሱ። ይጁቤን ጥቂት እንዳለፉ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ፤ አመድማዋ መኪና አቧራ አልብሳቸው አለፈች። ሳትሞቅ ረግጠዋት ቱርቦዋ ሲያፏጭ እንዳላማው ሰማው። ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነከሰ።

«አመመህ?» አሉት እናቱ።

«አመመኝ፣ እማሆይ። በጣም አመመኝ።»

እጁን ያዙት። ድምፅዋ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ፣ አቧራውም ተኛ። የአይሱዙው ሞተር ብቻ ቀረ። እንዳላማው ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ እንባው ሳይደርቅ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ደመላሽ» አለ።

«አቤት።»

«ሁለተኛው ኖዝልህ ያንጠባጥባል። ከጀመረው ሰንብቷል።»

«ሁለት ጊዜ አምጥቼልህ ምንም የለውም ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አለ እንዳላማው። «ነገ ጠዋት አምጣው።»