የብረቱ በር ትርጓሜ

የተያዝኩት ላፍቶ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው። ጣቢያ ስልኬን፣ ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ተቀበሉኝ። ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። በሩ ሥር ብርድ ስለሚገባ ቦታው የአዲስ ገቢ ነው። እዚያ ተቀመጥኩ።

ስልኬ ላይ የኔታ ነበሩ፤ ማለቴ ድምፃቸው። መካኒሳ የመጽሐፍ ትርጓሜ የሚያስተምሩን ሽማግሌ ናቸው። በቀዳሁት ትምህርት፣ ጴጥሮስ ወኅኒ ሳለ ሰንሰለቱ የወደቀበትን፣ የብረቱም በር ራሱ የተከፈተበትን ምሥጢር ያብራራሉ።

"በሩን የሚከፍተው ማነው?" አለኝ መርማሪው በማግስቱ፣ ስልኬን ከፍቶ ትምህርቱን ሰምቶ ኖሮ።

እኔ ሞኙ፣ የምሩን የጠየቀኝ መስሎኝ፣ እንደ ጉባኤ ቤት ልማዴ ዘረገፍኩለት። ሰንሰለቱ ኃጢአት ነው፤ አንድም የዚህ ዓለም ሐሳብ ነው። በሩ ልብ ነው፤ አንድም ሞት ነው። ጠባቂዎቹ የሥጋ ፈቃድ ናቸው፤ አንድም አጋንንት ናቸው።

ቀና አለ። "ጠባቂዎቹን አጋንንት ናቸው አልክ?"

ያኔ ገባኝ። አንድም ባልኩ ቁጥር ክስ ስጨምር ነበር።

"ስማ፣" አለኝ ለስለስ ብሎ፣ "ጥፋቱ የሽማግሌው ነው። 'እስር ቤት ሰብራችሁ ሰው አስወጡ ብለው አስተምረውናል' በልና ካሜራ ፊት ተናገር። ነገውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ክፍል ስመለስ አጠገቤ ለሚተኙት የለቡ ገበሬ ነገርኳቸው።

"አይ ልጄ፣ ለፖሊስም ትተረጉማለህ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ፣ "ሽማግሌው ይህን ሲሚንቶ ይችሉታል?"

"አስም አለባቸው።"

እኔ ፈራሁ። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ ቤቴን አጥብቄ ፈለግሁት።

በማግስቱ ካሜራው ፊት አስቀመጡኝ። "ቀጥል" አለ መርማሪው። ተነሣሁ። የኔታ ፊት ንባብ የምናሰማው ቆመን ነው። ቀበቶ ስለሌለኝ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ ያንኑ ምዕራፍ በግእዝ፣ በቃሌ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

"ትርጉሙስ?"

"ንባቡ ይኸው ነው" አልኩና ተቀመጥኩ። አንድም አላልኩም። ብዙ ጠየቀኝ፤ ብዙ ዝም አልኩ።

ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም። ስፈታ ድክ ድክ ትል ነበር፤ አይታኝ አለቀሰች።

አሁን እሑድ እሑድ መካኒሳ ይዣት እሄዳለሁ። የኔታ ያኔ የሆነውን አያውቁም፤ አልነገርኳቸውም። የብረቱ በር ላይ ሲደርሱ፣ ሳላቸው እያቋረጣቸው፣ አንድም አንድም እያሉ ይዘልቃሉ። እኔም ቀበቶዬን ታጥቄ ሳለ እጄ ወደ ሱሪዬ ይሄዳል።