ለምስክርነት የመጣችው አህያ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ቤቴ ገባ። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሊያነብ ወደ መሀል ከተማ ይወርዳል፤ ማታ ማታ ደግሞ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል እያለ ፊልም ያያል። "ጋሼ፣ 'ፎር ዶንኪስ ይርስ' ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?" አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ስልኩን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ "አሃ! ለረጅም ጊዜ፣ ለስንትና ስንት ዓመት ማለት ነው" ብሎ ራሱ መለሰው። አመስግኖኝ ወጣ። ለምን እንዳመሰገነኝ ግን አልገባኝም።

ሁለት ሰኮንድ እንኳ አልፈጀበትም። እኔ ያችን አባባል ለማወቅ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት አህያ አስፈልገውኛል።

ዘመኑ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ አርባ ምንጭ ተመድቤ ስምንተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እናቴ "ቆላም ቢሆን ሌሊቱ አይታመንም" ብላ ሁለት ጋቢ ጠቅልላልኝ ነበር። አንዱን ፍራሽ ላይ አነጠፍኩት፣ አንዱን ከፀሐይ መከለያ ብዬ መስኮት ላይ ሰቀልኩት፤ ለብርድ የፈለግኩበት ቀን አልነበረም። ወሩ ሚያዝያ ነው። ማንጎ ደርሶ በየአጥሩ ሥር ይረግፋል። ከተራራው ዝናብ በጣለ ቁጥር የኩልፎ ወንዝ ቀልቶ ይሞላል፤ ወደ ሙዝ እርሻው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆንና የአህያ ጋሪዎች እየተቀረቀሩበት የነጂዎቹ ጩኸት እስከ ክፍላችን ይሰማ ነበር።

ማሠልጠኛ ሳለን አንድ መምህራችን፣ "መምህር በተማሪ ፊት አላውቅም አይልም፤ አንድ ቀን ካለ ያን ዓመት አለቀለት" ይለን ነበር። ከዚያ ሁሉ ሥልጠና ልቅም አድርጌ የያዝኩት ይህን ብቻ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ዘነበች ዶዳ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ዝምተኛ ናት፤ ግን ጥያቄ ከያዘች አትለቅም። አንድ ቀን ከደብተሯ መሀል የተጨማደደ ወረቀት አወጣች። ቆሎ የተጠቀለለበት የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ቅዳጅ ነው። "ቲቸር፣ እዚህ ላይ 'ፎር ዶንኪስ ይርስ' ይላል። ዶንኪ አህያ ነው። ይርስ ዓመታት ነው። አንድ ላይ ሲሆን ምንድነው?" አለችኝ።

እኔም እንደ እሷ ቃሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ላይ ግን አይቻቸው አላውቅም። "ነገ አይቼ እነግርሻለሁ" ማለት ይቻል ነበር። ዳይሬክተሩ ቢሮ በቁልፍ የሚቀመጥ ትልቅ መዝገበ ቃላትም ነበር። እኔ ግን ጠመኔውን አነሳሁ። "አህያ ብዙ ትሠራለች፣ ትንሽ ትኖራለች" አልኩ በልበ ሙሉነት። "ስለዚህ አባባሉ ለጥቂት ጊዜ፣ ለአጭር ጊዜ ማለት ነው። ጻፉ!" ክፍሉ በሙሉ ጻፈ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? አጠብኩት።

ዘነበች ብቻ አልጻፈችም።

"ቲቸር፣ የእኛ አህያ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች" አለች።

"አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?"

"አሥራ ስድስት።"

ክፍሉ ሳቀ። በማን እንደሳቁ ሳላጣራ በእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት። ስለ አህያ የማውቀው መንገድ ላይ ስትመጣ ገለል ማለትን ነው፤ ዕድሜዋን ጠይቄ አላውቅም። "አሥራ ስድስት ዓመት ጋሪ የምትጎትት አህያ የለችም። ለምን ትዋሻለሽ?" አልኳት። "አልዋሸሁም" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ዓይኔን እያየች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይሄኔ ነው። ያላወቅኩትን እንግሊዝኛ መምታት ስላልቻልኩ ልጅቷን ጥቁር ሰሌዳው ሥር አንበረከክኳት። እስኪደወል ድረስ እዚያው ነበረች።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። የሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም፤ እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወንበሯ ባዶ መሆኑ ቀለል ብሎኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፎ ሳለ በሩ ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ፣ "ሰው ይግባ፣ አህያ ግን ክልክል ነው!" ይላል። ከፊቱ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ቆሟል። የዘነበች አባት ጋሽ ዶዳ ናቸው፤ ከኩልፎ ዳር ሙዝ በጋሪ የሚያመላልሱ። አጠገባቸው እንደ ጋሞ ደንብ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ ከኋላቸው ዘነበች። በገመድ የተያዘችው አህያ ደግሞ የአጥሩን ማንጎ እየተመለከተች ትጠብቃለች።

"ምስክር እሱ ነው። ምስክር ውጭ ይቀራል ወይ?" አሉ ጋሽ ዶዳ። የእሳቸው አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ አህያዋም ልጅቷም "እሱ" ናቸው።

ዘበኛው ሕግ አክባሪ ሰው ነው። የእንግዳ መዝገቡን አወጣና ጻፈ። የመጡበት ጉዳይ በሚለው ሥር ምን እንደሚያሰፍር ቸግሮት ቆይቶ "ዕድሜ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ አህያዋም ገባች። ሰልፉ ውስጥ እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። መዝሙሩ ግማሽ ላይ ቀረ።

ጋሽ ዶዳ ግን አልሳቁም። ለዳይሬክተሩ ሰላምታ ሰጥተው ቀጥታ ወደ ነገሩ ገቡ። "ልጄ ዋሸ ተብሏል፤ ሰው ፊት ተንበርክኳል። እኛ ዘንድ ውሸት ጎሜ ነው።" ጎሜ በጋሞ እንዲሁ ነውር ብቻ አይደለም፤ ዝናብ የሚያስቀር፣ ቤት የሚያፈርስ በደል ነው። "ልጄ ዋሽቶ ከሆነ ትምህርቱ ይቅር፣ እኔ ጋር ሙዝ ይጫን። ካልዋሸ ደግሞ በተማሪ ፊት ነው የተዋረደ፤ በተማሪ ፊት ይነገርለት" አሉ።

ያን ጊዜ ነው እኔም መሳቅ የተውኩት። ልጅቷ በአንድ አህያ ዕድሜ ምክንያት ከትምህርት ልትወጣ ነው።

ምስክርነቱ እዚያው ባንዲራው ሥር ተሰማ። አንደኛው ሽማግሌ፣ "ይህ አህያ የተገዛው ኩልፎ ሞልቶ ሙዛችንን ጠርጎ የወሰደ ዓመት ነው" አሉ። ሁለተኛው፣ "አይደለም! የእኔ ሁለተኛ ልጅ ያገባ ዓመት ነው፤ ጎርፉ ከሰርጉ በኋላ ነው" አሉ። "ሰርግህ ላይ ሙዝ በልቻለሁ እኮ! ጎርፍ ከወሰደው ሙዙ ከየት መጣ?" "ከካምባ ዘመድ ያመጣው ነው!" "ካምባ ላይ ያኔ ሙዝ ነበር ወይ?" ሽማግሌዎቹ በጎርፍና በሰርግ ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። አንዱ አሥራ ስምንት፣ አንዱ ሃያ ዓመት አሉ፤ ከአሥራ ስምንት በታች የወረደ ግን የለም። ዳይሬክተሩ ለማረጋገጥ የባዮሎጂ መምህሩን ጠሩ። እሱም የአህያዋን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሷን አየና፣ "ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አህያ የለም" ብሎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

"ለመሆኑ የአህያ ዕድሜ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ምን አመጣው?" አሉኝ ዳይሬክተሩ። ነገርኳቸው። ቢሮ ገብተው ያን ትልቅ መዝገበ ቃላት ይዘው ወጡ፣ አቧራውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና ገለጡ። አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እንዳደረጉ መጽሐፉን ሰጡኝ።

እጅግ ረጅም ጊዜ፣ ይላል።

ተማሪው በሙሉ ያየኛል። አህያዋ እንኳ የምታየኝ መሰለኝ። "ዘነበች አልዋሸችም" አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ዳይሬክተሩ "ጮክ በል!" አሉኝ። "ዘነበች አልዋሸችም! አባባሉ ለረጅም ጊዜ ማለት ነው። እኔ... አላውቅም ነበር።"

አለቀልኝ ብዬ ጠበቅኩ። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና፣ "አለማወቅ ምን አለበት? እኔም እንግሊዝኛ አላውቅም። ግን ማንም አላንበረከከኝም" አሉ።

በዚህ ጊዜ የሳቁት መምህራኑ ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳይሬክተሩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዶዳ ለእርቅ ቤታቸው ጠሩኝ። በጭቃው ላይ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ከጫሞ ሐይቅ የዚያን ቀን የወጣ ዓሣ ተጠብሶ፣ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ድብልብል የበቆሎ ኩርኩፋና የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ቀርቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን ይዘው መረቁን። እኔ ጋሽ ዶዳን ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠየቅኩ። ጋሽ ዶዳ እየሳቁ፣ "እሱንም ጠይቅ፣ ከሥራ ቀርቷል" ብለው ወደ አህያዋ አመለከቱኝ፤ እሷንም አንገቷን አሻሽቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዘነበች መታጠቢያውን ይዛ መጥታ እጄን አስታጠበችኝ። "በቃ፣ ተባረኪ" አልኳትና ወደ ዓሣው ዞርኩ።

ሰኞ ክፍል ተመለሰች። ያን ጥቁር ሰሌዳ ጠርጌ ትክክለኛውን ትርጉም ጻፍኩ። እንዲህ ያለው አባባል የልብ ወዳጅ ለወዳጁ፣ ጨዋታ ላይ የሚለው እንጂ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ እንደማይሆን፣ ጊዜው ረዘመብኝ ብሎ ለማማረርም እንደሚያገለግል አስረዳሁ፤ መዝገበ ቃላቱን ከዳይሬክተሩ ተውሼ እሁድን እስከ እኩለ ሌሊት ሳገላብጥ ነበርና አሁን በእርግጥ አውቀዋለሁ። ሁሉም በአባባሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርተው እንዲያስረክቡ አዘዝኩ። ማታ ደብተሮቹን አረምኩ። አንዱ "ሥጋ ከበላሁ ዶንኪስ ይርስ ሆነኝ" ብሏል፤ ሌላው ደርግን አንስቷል። የሚበዙት አያታቸውን ጽፈዋል።

የዘነበች ደብተር መጨረሻ ላይ ነበር። በተጣራ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድም ስህተት የሌለበት እንግሊዝኛ፣ "መምህሬ ለዶንኪስ ይርስ አንበርክኮኝ ነበር" ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። በሰዓት ቢለካ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ብዙ አሰብኩና ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ትልቅ "ራይት" አደረግኩበት፤ ከአሥር አሥር ሰጠኋት። በማግስቱ ደብተሯን ተቀበለች፣ አየችው፣ ከደነችው። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪን አለፈች። እኔ በዓመቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ።

ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ ተማሪ ፊት "አላውቅም" ለማለት ፈርቼ አላውቅም፤ የማሠልጠኛው መምህራችን እንዳለው ግን አንድም ዓመት አላለቀልኝም። ይህን ታሪክ በየሄድኩበት አውርቼ ብዙ ሰው አስቄበታለሁ፤ ጋሽ ዶዳን፣ ዘበኛውን፣ ጎርፍና ሰርጉን እያስመሰልኩ። ባለፈው ሳምንት ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አባትየውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቄያለሁ፣ አህያዋን ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ልጅቷን አልጠየቅኩም። ያን ጊዜ ከአሥር አሥር ስሰጣት ይቅርታ የጠየቅኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልክ የጻፈችውን ልክ ነው ማለቴ ብቻ ነው።