ላለመርሳት ዋስ

ቆቦ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ያን ቀን ጎማውን በርሜል ውስጥ ከትቼ ስሞላ ያሰጣሁት ልብስ ትዝ አለኝ። ልብሱን ላነሳ ስሄድ የተቀደደ ኪስ አየሁ፤ መርፌ ልዋስ ብዬ ጎረቤት ገባሁ። ስመለስ በርሜሉ ገንፍሎ ግቢው ኩሬ ሆኗል። ባሌ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ሽማግሌ ጠራ።

ሦስት ሆነው መጡ። ክሱ ረጅም ነው፦ ያረረ ወጥ፣ ሳይዘጋ ያደረ በር፣ የጠፋ ቁልፍ። ፍርዱም ቀድሞ በስሏል፤ የሰባት ዓመቷ ልጃችን ዋጃ ከተማ የባሌ እህት ዘንድ ትሂድ፣ የእናቷ አመል ሳይጋባባት።

አመሉ ግን አብሯት የተወለደ ነው። አስተማሪዋ «አንድ ቦታ አትቀመጥም» ብትለኝ ደሴ ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ሐኪሟ ስለ ልጄ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ሁሉ ስለ ራሴ ሆነብኝ። የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ይባላል አለች፤ ከአእምሮ አሠራር የሚመጣ እንጂ ስንፍናም የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም፤ እርዳታም አለው። ስንመለስ ሮቢት እስክንደርስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝንጉ፣ ቀዥቃዣ፣ ልበ ቢስ ስባል ነው የኖርኩት።

ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ አስረዳሁ። ዋናው ሽማግሌ ከዘራቸውን ግድግዳዬ ላይ አስደግፈው ፈገግ አሉ። «አይ ዘንድሮ! ለዝንጋታም የሐኪም ስም ወጣለት?» ሁለተኛው በንግግሬ መሀል ሁለቴ ስልክ አነሱ። ሦስተኛው አንቀላፍተው ነበር፤ ባነኑና «እውነት ነው» አሉ። ምኑ እውነት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ትኩረት የላትም የተባልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

«በይ ልጄ፣» አሉ ዋናው፣ «ሁለተኛ ላትረሺ ዋስ ጥሪ። ዋስ ካጣሽ ልጅቱ ትሂድ።»

ላለመርሳት ዋስ! በሬ የሰረቀ ዋስ ይጠራል፤ የተደባደበ ዋስ ይጠራል። አንካሳን ደግመህ ላታነክስ ዋስ ጥራ የሚል ሽማግሌ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ባሌን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ናቅኩት። ዛሬም አብሬው እየኖርኩ፣ ለዚያች ደቂቃ እንቀዋለሁ።

«ለራሴ ዋስ የለኝም፣» አልኩ። «ነገም እረሳለሁ። ለልጄ ግን ዋሷ እኔ ነኝ። እህቱ ትገርፋት ይሆናል እንጂ የያዛትን አታውቅም። እኔ አውቀዋለሁ። እሷን ከዚህ ቤት የሚያወጣ፣ መጀመሪያ እኔን ያውጣ።»

በመጨረሻ ባሌ ቀና ሳይል «ትቅር» አለ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሱ፤ ምርቃቱ ላይም «ልብ ይስጥሽ» ጨመሩልኝ።

ከወጡ በኋላ ልጄ ከሁላችን ቀድማ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «እማ፣ የአባባ ከዘራ!» ብላ ይዛው በረረች። መንገድ ላይ ደርሳባቸው ሰጠቻቸው። ዋናው ሽማግሌ ስቀው ተቀበሏት፤ ግንባሯን ስመው ሄዱ።

እሳቸውን ዋስ ይጥሩ ያላቸው የለም።